ዐማራት የተሰቀለው ድሪቶ

ሰው ቤቱን ለእንግዳ ሲያሳይ ሳሎኑን ያሳያል፤ ካላፈረ ጓዳውን ይጨምራል። መኝታውን ግን ማንም አያስጎበኝም። የኔን መኝታ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ከነአምባሳደሩ፣ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ እየጠጣ ጎብኝቶታል። መብራት ሁሉ ተደርጎለት ነበር። ከስሩም የኔ ስም በትልቁ ተጽፏል። ይህን የምነግራችሁ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ከባለቤቱ ብትሰሙ ይሻላል ብዬ ነው። እዚህ ኻርቱም፣ በምንኖርበት ዴም ሰፈር ውስጥ ያላወራ የለም፤ የሚያወራውም ሁሉ የየራሱን ይጨምርበታል።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱዳኖቹ «ተርዚ» ይሉኛል። ርክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት አንድ በር የሆነች ሱቅ አለችኝ። ሱቋ የኪራይ ነች፤ የስፌት መኪናዋም የኪራይ ነች። የራሴ የምለው መቀሴንና ስሜን ነው። ስሜ ደግሞ እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጀለቢያው ሚስማር ይዞት የተቀደደበት ሰው ጠዋት ሰጥቶኝ ከሰዓት ሊወስድ ሲመጣ፣ ቀዳዳው የት እንደነበር ይጠፋውና እያገላበጠ ፊቴን ያያል። እኔም አልነግረውም። መጣፊያው ከታየ ተርዚው ተዋረደ ማለት ነው፤ ለኔ ይሄ ሕግ ነው።

ሚስቴ ጽጌ ይህን ሕግ አታውቀውም። ከሱቅ የተረፈውን፣ ያረጀውን፣ የጠበበውን ሁሉ እየሰበሰበች፣ በእጇ፣ በረጃጅሙ እየወጋች፣ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ አበባውን ከባለመስመሩ እያጋጠመች አንድ ትልቅ ድሪቶ ሠርታለች። ክር ሲያልቅባት የሚቀጥለው ክር ምን ቀለም እንደሆነ እንኳ አትጠይቅም። ዐንገረባችን፣ የገመድ አልጋችን፣ ላይ የሚነጠፈው እሱ ነው፤ ብርዱ ሲገባ የምንደርበው እሱ ነው። ይሞቃል፤ አልዋሽም። ግን እንግዳ መጣ ሲባል ቀድሜ ሮጬ አልጋ ስር እወትፈዋለሁ።

«ተርዚ ነኝ የሚል ሰው ቤት ይሄ ተነጥፎ ቢታይ ሰው ምን ይላል?» እላታለሁ።

«ይሞቃል ይላላ» ትለኛለች።

እንዲህ እየተባባልን ስንኖር አንድ ቀን ዐም ኡስማን ሱቅ መጡ። ዐም ኡስማን የስፌት መኪናዋን ያከራዩኝ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ልጃቸው የስፌት ትምህርቷን እንደጨረሰች ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ «ማብሩክ» አልኩ። «እንግዲህ ወሩ ሲያልቅ መኪናዋን ለልጅቷ እወስዳታለሁ፣ ኢንሻላ» አሉ። ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ። ኻርቱም ውስጥ «እመጣለሁ፣ ኢንሻላ» ያለ ሁሉ ቢመጣ መንገዱ ባላሳለፈ ነበር፤ ዐም ኡስማን ግን ብለው ከሚመጡት ናቸው። ሌላ መኪና ልግዛ ብል አቅሜ አይደለም። መኪና የሌለው ተርዚ ደግሞ መቀስ ይዞ የቆመ ሰው ነው። ቤቴ የሚበላው ከዚያች መኪና ስር ስለሆነ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ነጭ ሴት፣ ሱዳኖቹ ኸዋጂያ የሚሏት፣ ሱቄ በር ላይ ብቅ አለች። እኔ ከምሰብረው አረብኛ በባሰ አረብኛ፣ የወዳደቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ ካለኝ ጠየቀችኝ። ወለሉን አሳየኋት። ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላችው። ከጎኔ ስልክ የሚጠግነው ጎረቤቴ አንገቱን አስግጎ አየና «ፈረንጅም እንዲህ ሊሆን ነው?» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ጽጌ ደግሞ «ባሏ ጥሏት ይሆናል፤ የሰው አገር ክፉ ነው» አለችና ከቤት ሽሮ በሰሃን አቀረበችላት። ሴትየዋ በላች። በሳምንቷ ተመልሳ መጣች፤ ለቀመች፤ በላች። በሦስተኛው ጎረቤቶቻችን «ልጆችም ሳይኖሯት አይቀርም» ብለው ያገለገለ ልብስ አዋጥተው ሰጧት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። ከዚያ መቀስ አወጣችና ዓይናቸው እያየ ቆራረጠችው።

ነገሩ ችግር እንዳልሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

መዳም — እኛ እንዲህ ነው የምንላት — ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። ድሪቶ ነው። ሌላም ድሪቶ፣ ሌላም ድሪቶ፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሠሩት ሴቶች ከፊቱ ቆመው ይስቃሉ። እሷ «ሊሃፍ» ትለዋለች፤ እኔ ግን ድሪቶ ሳይ አውቃለሁ። ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ክበብ ውስጥ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀች ኖሯል። ክፍሎቹ በየርዕሳቸው ናቸው፤ አንዱ «ውሃ»፣ አንዱ «ዛፍ»፣ አንዱ ደግሞ «ቤቴ» ይባላል። ዳኞች አሉ፤ ለመረጡት ዋንጫ ይሰጣሉ። ተመልካቹ ደግሞ በር ላይ አንድ አንድ የልብስ ቁልፍ ይታደለውና ከወደደው ሥራ ስር ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይጥላል። ብዙ ቁልፍ ላገኘው ሽልማቱ ምን ይመስላችኋል?

«አዲስ የስፌት መኪና» አለች መዳም። «አንተም ተወዳደር።»

ጽጌን አየኋት። ጽጌም አየችኝ።

«ቤቴ» የሚለውን ርዕስ ወሰድኩ። ቤቴ ምን ይመስላል ብዬ አሰብኩና ንጹሕና ነጭ መሆን አለበት አልኩ። የነጭ ጀለቢያ ቁርጥራጭ በከረጢት ሞልቶኛል። አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ነጩን ከነጩ መርጬ፣ ድሩን ከድሩ አግጥሜ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ ሰውሬ፣ በካውያ እየደፈጠጥኩ ሰፋሁ። ጽጌ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ጠዋት መርፌዎቼን ሁሉ ክር አስገብታ ትራስ ላይ ትሰካልኛለች። ዓይኔ ደክሞ አይደለም፤ ጊዜ እንዳይባክን ብለን ነው። ሲያልቅ ዘርግቼ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

«አንሶላ ነው» አለች።

«ምን አንሶላ! ሁሉም ቁርጥራጭ እኮ ነው!»

«ታዲያ ቁርጥራጩ የታለ?»

«አለመታየቱ እኮ ነው ጥበቡ!»

«እሺ» አለች። እንደዚህ «እሺ» ስትል አልወድላትም።

ሥራው ከኤግዚቢሽኑ አንድ ቀን አስቀድሞ ይረከብ ተብሏል። በዚያን ቀን ከጠዋቱ ሰማዩ ቀልቷል፤ አቧራው መጣሁ እያለ ነው። ነጭ ነገር ደግሞ ከዴም ዐማራት በርክሻ ማድረስ ቀልድ አይደለም። መጠቅለያ ስፈልግ፣ ቤት ውስጥ ቢቆሽሽ የማይቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ድሪቶውን ከዐንገረቡ ላይ ገፈፍኩት። ነጩን በልኩ አጥፌ ውስጡ ከተትኩና ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩ። ክበቡ በር ላይ መዳም ራሷ ተቀበለችኝ፤ ከኋላዬ መኪና ጥሩምባ ሲነፋብኝ «አደራ፣ እንዳይቆሽሽ» ብዬ ተመለስኩ። ማታ ጽጌ ባዶ ዐንገረብ ላይ ቁጭ ብላ «ለአንሶላህ ካፖርት አለበስክና እኛን ራቁታችንን አስቀረኸን» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት።

በማግስቱ ኮቴን ለበስኩ። ጽጌም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሄድን። በር ላይ አንድ አንድ ቁልፍ ሰጡን። ገና ስንገባ የመርፌ ውድድር አለ ተባለ፤ ቶሎ ክር ያስገባ ያሸንፋል። ልተወው ነበር፤ ተርዚ እንደሆንኩ ያወቁ ሰዎች «ያላ፣ ያላ!» አሉኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ከኡምዱርማን የመጡ ሐጃ ሳዕዲያ የሚባሉ ወፍራም አሮጊት ናቸው። «ጀምሩ» ሲባል ሐጃ አስገብተው ጨርሰው ስለ ቤተሰቤ ጤንነት መጠየቅ ጀመሩ። እኔ ክሩን እያራስኩ ነበር። ውድድሩ አልቆ ሰው ሲበተን እኔ አሁንም እያራስኩ ነበር። በመጨረሻ ጽጌ መርፌውን ከእጄ ወስዳ አስገባችልኝና ቦታው መለሰችው።

ከዚያ ወደ ሻይ ጠረጴዛው ሄድን። ጠረጴዛው ላይ ኬክ አለ፤ ከዕክ የሚሉት ብስኩት አለ፤ ከርከዴ በብርጭቆ ተደርድሯል። ጠረጴዛው የለበሰው ጨርቅ ደስ የሚል ነጭ ነው። ጠርዙን በጣቴ ዳበስኩት። ጠርዙን አውቀዋለሁ፤ የኔ ጠርዝ ነው። አንድ ሰውዬ ከርከዴውን መሃሉ ላይ አስቀመጠና ቀዩ ክብ ታትሞ ቀረ።

«ጽጌ» አልኩ።

«አየሁት» አለች። «ታዲያ የኛ ምኑ ነው የተሰቀለው?»

እሷ ጥያቄዋን ሳትጨርስ መልሱ ስለገባኝ ወደ «ቤቴ» ክፍል ሮጥኩ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ መብራት በርቶበት፣ መኝታችን ተሰቅሏል። ምራቅ የነካው ጥግ በስተቀኝ፣ እግራችን የሚያርፍበት የሳሳው በኩል ወደ ታች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! መዳም ስታየኝ ክንዷን ዘርግታ መጣች።

«ግሩም ነው! ደግሞ እንዳይጨማደድ ውስጡ ነጭ አንሶላ ከተህ መጠቅለልህ! እኛም እኮ እንዲሁ ነው የምንጠቀልለው።»

«መዳም፣ የኔ ሥራ ነጩ ነው።»

«አዎ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ የጠረጴዛ ልብስ አንሶን ነው፤ አጥቤ እመልስልሃለሁ።»

«ይሄ ይውረድልኝ!»

«ኻላስ፣ በቃ፣ ውድድሩ ተጀምሯል፤ አሁን አይነካም» ብላኝ አምባሳደሩን ልትቀበል ሄደች።

ምን ላድርግ? ፊቱ ቆምኩ። ኮቴን ከፈት አድርጌ፣ ክንዴን ዘርጋ ዘርጋ አድርጌ፣ የቻልኩትን ያህል ጋረድኩት። ሰዎች መጥተው አብረውኝ ፎቶ ተነሡ። አንዲት ሴት «ሠሪው ራሱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ቤቱን ሲደግፍ!» አለችና ቁልፏን ጠርሙሱ ውስጥ ጣለች። ከኋላዋ የነበሩትም ጣሉ። በጋረድኩት ቁጥር ቁልፉ ይበዛል። ጠርሙሱ ሊጋመስ ሲል ላቤ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ካሸነፈ መድረክ ላይ ያወጡታል፤ ነገ ፎቶው ዴም ይገባል፤ «ተርዚው የሚተኛበትን አያችሁ?» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማን ጀለቢያውን ይሰጠኛል?

መኪናዋን ረስቼ አይደለም። በደንብ አስታውሻለሁ። ግን ይሉኝታ ሲይዝ እንዴት እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ሰው ፈቀቅ ሲል እጄን ጠርሙሱ ውስጥ ከተትኩና አንድ እፍኝ ቁልፍ ኪሴ አስገባሁ። በቀጣዩ «ውሃ» ክፍል የሐጃ ሳዕዲያ ሥራ አለ፤ ነጭና ጥቁር ዓባይ ሲገናኙ በሰማያዊና በቡናማ ጨርቅ ሠርተውታል። መሸነፌ ካልቀረ ለጥሩ ሥራ ይሁን ብዬ ጠርሙሳቸው ውስጥ ጨመርኩት። ተመልሼ ሌላ እፍኝ ወሰድኩ። እንጀራዬን በገዛ እጄ እየዘገንኩ ለሰው አደልኩት ማለት ነው።

ሁለተኛውን እፍኝ ኪሴ ከትቼ ልወጣ ስል የጽጌን ድምፅ ሰማሁና በር ላይ ቆምኩ። አሁን የገባው ሰው ድሪቶው ፊት ከቧታል። መዳም ከአረብኛ ወደ ራሷ ቋንቋ ትመልስላቸዋለች። ጽጌ ጣቷን እያሳረፈች፣ ገበያ ውስጥ ስለ ሽንኩርት እንደምታወራ ሆና ታወራለች።

«ይሄ መተማን ስሻገር የለበስኩት ቀሚስ ነው። ይሄ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ የታጠቅኩት ሽርጥ ነው፤ ሥራውን የለቀቅኩ ቀን ቆረጥኩት። ይሄ ዴም መጀመሪያ የተከራየናት ክፍል መጋረጃ ነው፤ በር አልነበራትም፣ በሯ እሱ ነበር። ይሄ የልጃችን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ነው፤ ዘንድሮ ጠበባት።»

«ይሄ ጥቁሩስ?» አለ አንድ ሰው።

«እሱ የባሌ ሱሪ ነው።»

ያን ሱሪ አውቀዋለሁ። ከስንት ዘመን በፊት ከተሰጣበት ጠፍቶብኝ፣ ጎረቤቴን ጠርጥሬ ሰላምታ ነፍጌው ኖሬያለሁ።

«እንድናገባ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን ለብሶት ነበር» አለች ጽጌ። «እዚህ አገር ሽማግሌ የሚልከው ዘመድ የለውም፤ ብቻውን መጣ። ያለው ሱሪ ይኸው ብቻ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ራሱ ጥፎታል። አይታይም ብሎ ነው ቀና ብሎ የሚሄደው። ይታይ ነበር።» ሳቀች። «እሱን አይቼ ነው እሺ ያልኩት። ይሄ ሰው ያለውን ጠብቆ የሚይዝ ነው ብዬ።»

አሥራ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሱሪዬ ላይ ስተኛ ኖሬ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ስር ስወትፈው ነበር። በራሴ አዘንኩ፤ አፈርኩም፤ በድሪቶው ግን አልነበረም።

ልሽሽ ስዞር ኪሴ ተንኳኳ። ጽጌ ቀና አለች።

«ምንድነው ኪስህ ውስጥ?»

«ቁልፍ ነው።»

«የማን ቁልፍ?»

ጠርሙሱን አየች፤ ኪሴን አየች። ቁጣ ብጠብቅ አልመጣም።

«አፈርክብኝ?» አለች በቀስታ። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ኪሴን ሙልጭ አድርጌ ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጥኩ። የመጀመሪያው እፍኝ ግን «ውሃ» ክፍል ነው ያለው። ሮጬ ሄጄ ከሐጃ ጠርሙስ ስቆነጥር ሐጃ ራሳቸው እጄን አፈፍ አደረጉ።

«አንተ ተርዚ! ዓይንህ አያይም ብዬ ሳዝንልህ እጅህ ለካ ያያል!»

ሰው ተሰበሰበ። መዳምም መጣች፤ ዘበኛውም መጣ። ጉድ ፈላ! ሌባ ከመባል እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ፣ ቁልፉን ከራሴ ጠርሙስ አውጥቼ ለሐጃ እንደሰጠሁ፣ አሁን ደግሞ ልመልሰው እንደመጣሁ አስረዳሁ።

«ከራስህ ሰርቀህ?» አለች መዳም።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ምክንያቱም ያ ነገር ድሪቶ ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። «መኝታችን ነው! እኔ አልሠራሁትም፤ የሠራችው ሚስቴ ጽጌ ነች። ካርዱ ላይ ያለው ስም ይሰረዝልኝ። የኔ ሥራ ያ ከርከዴ የተደፋበት ነው።»

ሁሉም ዞሮ የሻይ ጠረጴዛውን አየ። አምባሳደሩ ብርጭቆውን አነሣ።

ሐጃ ሳዕዲያ መጀመሪያ የሳቁት በሆዳቸው ነው፤ ከዚያ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ከራሱ የሚሰርቅ ሌባ! ወላሂ እንዲህ ያለ አላየሁም! ና፣ ውሰድ፣ ዝገን!» አሉና ጠርሙሳቸውን ራሳቸው ያዙልኝ። የጨመርኩትን ያህል ዘግኜ መለስኩ። ካርዱ ላይ ስሜ ተሰርዞ «ጽጌ» ተባለ። በመጨረሻም የራሴ ቁልፍ እስከዚያ ድረስ በደረት ኪሴ እንደነበር ትዝ አለኝና ጽጌ እያየችኝ ጠርሙሱ ውስጥ ጣልኩት።

ዋንጫውን ሐጃ ወሰዱ። መኪናዋን የወሰደችው ጽጌ ነች። መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ደግሞ ኮቴ እስኪቀደድ አጨበጨብኩ። ብብቱ ላይ ነው፤ አሁን ጥፌዋለሁ።

ዐም ኡስማን ወሩ ሲያልቅ መጥተው መኪናቸውን ወሰዱ። እኔ አሁን የምሠራው በጽጌ መኪና ነው፤ በፈቃዷ። መዳም ድሪቶውን ልግዛው ብላ ለምናት ነበር፤ ጽጌ «ታዲያ ምን ለብሰን እንደር?» አለቻት። ዐንገረባችን ላይ ተነጥፏል። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ስር የሚገባው አሁን ከርከዴ የታተመበት ነጩ ነው። ድሪቶው የተመለሰ ዕለት ያችን ጥቁር ቁራጭ ፈልጌ፣ በመስኮት ብርሃን አስጠግቼ፣ ጉልበቷ ላይ የጣፍኩትን ብፈልግ አጣሁት። ጽጌ ከኋላዬ መጥታ፣ መፈለግ ሳያስፈልጋት፣ ጣቷን አሳረፈችበት።

ሥራው መልኩን ለወጠ። ኤግዚቢሽኑን ያዩ ሰዎች ከዐማራት በመኪና እየመጡ የተቀደደ ሱሪ ይሰጡኛል፤ መጣፊያው ከሩቅ ይታይ፣ ስፌቱም እንደ ድሪቶው ጠመም ይበል ይሉኛል። ጠማማ መስፋት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰፍቼ ስጨርስ ጽጌ ትመጣለች፤ ሱሪውን ወደ ብርሃኑ ታነሣለች፤ ብዙ ጊዜ ወስዳ ታያለች።

«ቀጥ ብሏል» ትለኛለች፤ «ፍታው።»

እፈታዋለሁ።